ዜሮ ወይስ አራት? «ሒሳብ በመልሱ ብቻ ይታረም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አስተማሪዎች በቴሌግራም ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ሒሳብ ፈተና እርማት ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በሒሳብ መልስ አንድ ስለሆነ ተማሪው ካገኘው ሙሉ ነጥብ፣ ከሳተው ዜሮ ይሰጠው። ለአሠራር የሚሰጠው፣ እኛ «የስቴፕ ማርክ» የምንለው ነገር፣ ምጽዋት ነው። ለአድልዎ በር ይከፍታል፤ ሰነፍ ያፈራል። ስለዚህ «ወርክ አውት» የሚባለው ጥያቄ ከክፍል ፈተና ጭምር ወጥቶ ሁሉም ምርጫ ይሁን፤ ማሽን ያርመው። «ማሽን ዘመድ የለውም» ብለው ይዘጉታል።

የመጨረሻዋ አባባል ቆንጆ ናት። ጽሑፉ እንዲህ የተሰራጨው በሷ ይመስለኛል። የቀረው ግን አንድ በአንድ ሊታይ ይገባዋል። እኔም ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አይጠፋም። ዝም ብል ውስጤ አይቀበለኝም።

«መልስ አንድ ነው፤ ወይ ያገኙታል ወይ ይስቱታል» በሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ተራ ጥያቄ እንውሰድ። የአንድ አራት ማዕዘን መሬት ርዝመት ከወርዱ በ3 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ 70 ካሬ ሜትር ነው። ዙሪያውን ለማጠር ስንት ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል? 5 ነጥብ። ወርዱን ወ ካልነው ወ × (ወ + 3) = 70 ይሆናል። ሲበተን ወ² + 3ወ − 70 = 0። ፋክተር ሲደረግ (ወ + 10)(ወ − 7) = 0። ወርድ ኔጌቲቭ ስለማይሆን 7 ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 10፤ ዙሪያው 34 ሜትር።

አሁን ሦስት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አለ እንበል። አንደኛዋ ልጅ እኩልታውን ያለ ስህተት አቋቁማ፣ በትክክል በትና፣ ፋክተር ስታደርግ ምልክት አገላበጠች፦ (ወ − 10)(ወ + 7) = 0። ስለዚህ ወርዱን 10፣ ርዝመቱን 13፣ ዙሪያውን 46 አለች። የሁለተኛው ልጅ ወረቀት ባዶ ነው፤ ጥያቄውን እንኳ አልነካውም። ሦስተኛው 70ን ለ2 አካፈለ፣ 35 መጣለት፤ ከዚያ 1 ቀነሰና 34 ብሎ በትልቁ ከበበው። 1ዱን ለምን እንደቀነሰ እግዜር ይወቅ። እኔ ግን ከጎኑ ካለው ወረቀት 34ን አይቶ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ሲያፈላልግ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

በጸሐፊው ሕግ ሦስተኛው ልጅ 5 ከ5 ይደፍናል። አንደኛዋ ልጅ ከባዶው ወረቀት ጋር እኩል ዜሮ ትወስዳለች። ማን ሒሳብ እንደሚችል ለማወቅ ነበር ፈተናው፤ የወጣው ውጤት ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ሰው ይህን ችግር ካወቀው ቆይቷል፤ መላም አበጅቶለታል። በእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ በሆኑት የጂሲኤስኢና የኤ ሌቨል ፈተናዎች፣ አዲስ አበባ ውስጥም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሚያስፈትኑት የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ፣ የሒሳብ ነጥብ በዓይነት ይከፋፈላል። የአሠራር ነጥብ አለ። የትክክለኛነት ነጥብ አለ። ከሁለቱም ተለይቶ በራሱ የሚሰጥ ነጥብም አለ። ቁልፉ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ነው። የትክክለኛነት ነጥብ የሚሰጠው የአሠራሩ ነጥብ ከተገኘ ብቻ ነው። መንገዱ ስህተት ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቢገጥምም ዋጋ የለውም።

በዚህ ዓይነት የኛን 5 ነጥብ ብንበትነው፦ እኩልታውን ላቋቋመ 1፣ በትክክል በትኖ ላስተካከለ 1፣ ወደ መልሱ የሚያደርስ ዘዴ ለተጠቀመ 1፣ ወርዱን 7 ላለ 1፣ ባገኘው ቁጥር ዙሪያውን በትክክል ለሠራ 1። ያቺ ምልክት ያገላበጠች ልጅ 4 ታገኛለች። ያጣችው 7ን ብቻ ነው፤ ያጠፋችውም እሱን ብቻ ነው። ሦስተኛው ልጅ ዜሮ ነው። ጸሐፊው «ምጽዋት» ያሉት አሠራር ከሳቸው ይልቅ የጠነከረው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን አላዩትም መሰለኝ።

አጋጣሚው ብርቅ ነው እንዳይሉኝ፣ ሁሉም አስተማሪ የሚያውቀውን ልጨምር። 16/64ን አቃልል ሲባል ላይና ታች ያለውን 6 ሰርዞ 1/4 የሚል ልጅ አለ። መልሱ ትክክል ነው! 19/95ም በዚሁ ዘዴ 1/5 ይሆናል። እስቲ ያው ልጅ 13/34ን በዚህ መንገድ ያቃልል፤ 3ን ሰርዞ 1/4 ይላል፣ ስህተት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙሉ ነጥብ የሰጠ አስተማሪ፣ ልጁ ሦስተኛው ላይ ሲወድቅ ማንን ሊወቅስ ነው?

«እንዲህ መሆኑን አሳይ» የሚለውስ ጥያቄ? እዚያ መልሱ ጥያቄው ላይ ተጽፏል። የሚታረመው አሠራሩ ብቻ ነው። በመልስ ብቻ እንረም ካልን ይህ ዓይነት ጥያቄ ከነአካቴው መጥፋቱ ነው፤ ማረጋገጥ የሚባለው የሒሳብ እምብርትም አብሮት ይሄዳል።

ቀጥለው መሐንዲሱን ያመጣሉ። «መሐንዲስ ለስቴፕ ነጥብ አይሰጠውም» ይላሉ። ናሳ ወደ ማርስ የላካት ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የመለኪያ ስህተት መጥፋቷንም ይጠቅሳሉ። ታሪኩ እውነት ነው። መሬት ላይ ያለው አንዱ ሶፍትዌር ውጤቱን በፓውንድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ወገን በሌላ የኃይል መለኪያ፣ በኒውተን፣ ነው ብሎ ወሰደው። መንኮራኩሯም ከታሰበው ከፍታ በታች ወርዳ ጠፋች። ግን ታሪኩን መሀል ላይ ነው ያቆሙት። አጣሪዎቹ ጥፋቱን ያገኙት ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ተከትለው ነው። የናሳ ኃላፊዎችም ያኔ የተናገሩት ሰው ሊሳሳት እንደሚችል፣ ትልቁ ችግር ግን ስህተቱን የሚይዝ ፍተሻ አለመሥራቱ እንደሆነ ነው። እና ይህ ታሪክ አሠራር ይታይ ለሚለው ወገን ነው የሚመሰክረው። ደግሞስ የ16 ዓመት ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ መንኮራኩር እያመጠቀ አይደለም። ምን ያህል ያውቃል ተብሎ ነው የተጠየቀው።

«ተሳስቶ ለቀጠለ ነጥብ መስጠት ስህተትን ማበረታታት ነው» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ጥያቄው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ ሲያያዝ ሀ ላይ አንዲት የመደመር ስህተት የሠራ ልጅ የቀረው ሁሉ መልሱ ይለወጥበታል። በመልስ ብቻ ካረምነው ለአንድ ጥፋት አራት ጊዜ ተገረፈ። ስህተቱን የሠራው አንዴ ስለሆነ አንዴ ይቀጣ፤ ከዚያ በኋላ በያዘው ቁጥር በትክክል ከሠራ የሠራበት ይሰጠው። ይህ ነው የሕጉ መንፈስ።

ግን እንደ ልቡ አይለቀቅም። ስህተቱ ቀሪውን ሥራ ካቀለለለት የቀለለውን ያህል ነጥብ ያጣል። ወ × (ወ + 3)ን ሲበትን ወ² + 3 ብሎ ያቆመ ልጅ ፋክተር የማድረጉን ሥራ ሳይነካ ነው ያመለጠው፤ ለፋክተሩ የተያዘው ነጥብ አይሰጠውም። የመጣው ቁጥር በጤናማ አእምሮ የማይሆን ከሆነም፣ ለምሳሌ ከ1 መብለጥ የማይችለው ፕሮባብሊቲ 1.4 ወይም ርዝመት ኔጌቲቭ 7 ከሆነ፣ «ያገኘሁትን ይዤ ነው የቀጠልኩት» ማለት አያድነውም። ያን ጊዜ ቆም ብሎ ማየት ነበረበት።

ጥያቄውን አሳስቶ ላነበበም ሕግ አለ። 70ውን 40 ብሎ ያነበበ ልጅ ወ² + 3ወ − 40 = 0 ብሎ ወርዱን 5፣ ርዝመቱን 8፣ ዙሪያውን 26 ሜትር ይላል። ሥራው በሙሉ ልክ ነው፤ ጥያቄውም አልቀለለም። እንዲህ ሲሆን እንደየፈተናው 1 ወይም 2 ነጥብ ተቀንሶ ሌላው ይሰጠዋል። በጸሐፊው ሕግ ዜሮ ነበር። ልጁ የጎደለው ሒሳብ ነው ወይስ መነጽር?

አሁን ወደ ጠንካራው ነጥባቸው ልምጣ። «የስቴፕ ነጥብ የሚወሰነው በአራሚው ስሜት ነው» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። አስተማሪው ወረቀቱን በዓይኑ ቃኘት አድርጎ 3 ከ5 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ የት እንደሄዱ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ጎበዝ የሚባለው ልጅ ሲሳሳት «ቸኩሎ ነው» ይባላል፤ ሰነፍ የሚባለው ያንኑ ሲሳሳት «ድሮም አልገባውም»። እጅ ጽሑፉ ያማረ ይጠቀማል። ቀን ላይ የታረመው ወረቀትና ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የታረመው አንድ ዓይነት ምሕረት አያገኙም። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

መፍትሔው ግን ነጥቡን መሰረዝ አይደለም። አራሚው ወረቀቱን ከማየቱ በፊት ውሳኔው ተወስኖ መጻፍ አለበት። ፍትሕ ያለው እዚያ ነው። 1ዷ ነጥብ ለምን እንደምትሰጥ ቀድሞ ከተጻፈ፣ የሚያርመው ሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆናል፦ ይህ ነገር ወረቀቱ ላይ አለ ወይስ የለም?

የእንግሊዞቹን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የእርማት መመሪያው የሚረቀቀው ከፈተናው ጋር ነው። ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ዋናዎቹ አራሚዎች እውነተኛ የተማሪ ወረቀቶችን ወስደው ይሞክሩታል፤ ማንም ያላሰበው ትክክለኛ መንገድ ከተገኘ መመሪያው ውስጥ ይገባል። ከዚያ እያንዳንዱ አራሚ ነጥባቸው አስቀድሞ የተወሰነ ወረቀቶች ይሰጡታል። ከተወሰነው ነጥብ ከራቀ ማረም አይጀምርም። አብዛኛው ወረቀት ስካን ተደርጎ በኮምፒውተር ስለሚታረም የልጁ ስም አይታይም፤ የአንዱ ልጅ ጥያቄዎችም ለተለያዩ አራሚዎች ይበተናሉ። እያረመ እያለ ደግሞ ነጥባቸው የታወቀ ወረቀቶች በመሀል ይሸጎጡበታል። የትኞቹ እንደሆኑ አያውቅም። በነሱ ላይ ደጋግሞ ከሳተ ይታገዳል፤ ያረመውም በሌላ ሰው እንደገና ይታያል።

ትንንሾቹ ሕጎችም ደስ ይሉኛል። ተማሪው ሰርዞ ሌላ ካልተካበት፣ የተሰረዘው የሚነበብ ከሆነ ይታረማል። ትክክለኛ መልስ ከጻፈ በኋላ አጉል ያሳመረ መስሎት ቢያበላሸው፣ መመሪያው ከፈቀደ የኋላው ይታለፋል። አራሚው ልቡ የራራ ይሁን የጨከነ ለውጥ የለውም።

ይሠራል ወይ? የእንግሊዝ የፈተና ተቆጣጣሪ ኦፍኳል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ተማሪው ዋናው አራሚ ቢያርመው ያገኘው የነበረውን ግሬድ የማግኘት ዕድሉን በየትምህርቱ አስልቷል። ዝቅተኛው ለእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ 0.52 ነበር። ከፍተኛው 0.96፤ ሒሳብ። ያው በስቴፕ ማርክ የተሞላው፣ በሰው እጅ የሚታረመው ሒሳብ። «የአራሚው ስሜት» ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ከዚህም የከረረ ቦታ አለ። የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ 6 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ 7 ነጥብ፣ ድምሩ 42። አብዛኛው ማረጋገጫ ስለሆነ ከበው የሚያሳዩት መልስ የለውም። ልጆቹ የሚጽፉት በየቋንቋቸው ነው። የየአገሩ ቡድን መሪ የልጆቹን ወረቀት አንብቦ፣ አዘጋጁ አገር ካቀረባቸው አራሚዎች ጋር ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። ሁለቱም ወገን መመሪያው እጁ ላይ አለ። መስመር በመስመር ይከራከራሉ። «ልጁ ማለት የፈለገው እኮ…» ብሎ ነጥብ ማግኘት የለም፤ የሚያከራክረው ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ተስማምተው ይፈርማሉ። መሪው ለልጁ እንደሚያዳላ የታወቀ ነው፤ አሠራሩ የተዘጋጀውም ያንን አስቦ ነው።

ማሽኑ ዘመድ የለውም። ልክ ነው። ዓይንም የለውም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የምናስታውስ ነን። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ የተደረገውም በዋናነት በኩረጃና በስርቆት ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የማረሚያው ዘዴ በፊትም በኋላም ያው ማሽን ነው። የተሰረቀ መልስ ከጠቆረ የተሰረቀውን መልስ በታማኝነት ይቆጥራል።

ግምትስ? አራት ምርጫ ባለው የ60 ጥያቄ ፈተና ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ልጅ በአማካይ 15 ያገኛል። ለባዶው ወረቀት እንኳ ሩብ እየሰጠ ያለው ማነው ታዲያ? አሜሪካኖቹ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናቸው ላይ ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ይቀንሱ ነበር፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ2016 ተዉት።

ያቺን ምልክት ያገላበጠች ልጅ ደግሞ አስቧት። የኛ ጥያቄ ወደ ምርጫ ቢቀየር አርቃቂው 46ን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ እንደሚያስቀምጠው አልጠራጠርም። ስህተቱ የታወቀ ስለሆነ ሆን ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። እሷ መልሷን አማራጮቹ ውስጥ ስታገኘው ልክ ነኝ ብላ ታጠቁራለች። ዜሮ። ያቺ ዜሮ ጭራሽ ያልገባው ልጅ ከሚያገኛት ዜሮ ጋር አንድ ናት። ነገ ክፍል ስገባ ለማን ምን ላስተምር ነው? ማሽኑ ይህን አይነግረኝም።

ይህን ስል ሀገር አቀፉ ፈተና በእጅ ይታረም እያልኩ አይደለም። ለመቶ ሺዎች ተማሪ በጥቂት ሳምንት ውጤት ማድረስ ካለብን ምርጫና ማሽን ተገቢ ነው። የምቃወመው ያንኑ ወደ ክፍል ፈተና ማውረድ ነው።

«በጭንቅላቱ የሚያሰላው ጎበዝ ልጅ በስቴፕ ምክንያት ይጎዳል» ያሉት ባብዛኛው እውነት አይደለም። ጥያቄው «አሠራርህን አሳይ» እስካላለ ድረስ ብዙ መመሪያዎች ትክክለኛ መልስ ብቻውን ለጻፈ ሙሉ ይሰጣሉ፤ አሠራሩ በመልሱ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። አደጋው መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ ነው። ያኔ አራሚው የሚያየው ነገር የለውም።

የመጨረሻው ክርክራቸው ጊዜ ነው፤ እሱን ማቃለል አልችልም። አንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ አራት ክፍል የሚያስተምር ሰው 240 ወረቀት አለው። «ለዚህ ሁሉ መመሪያ ማን ይጽፋል?» ይላሉ። የሚጻፈው ግማሽ ገጽ ነው። ፈተናው ሁሉ ወርክ አውት ይሁን ያለም የለም። ባለ 5 ነጥብ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ሌላው ምርጫ ይሁን። ወረቀት በወረቀት ከማረም፣ መጀመሪያ የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ይሻላል። መመሪያው ጭንቅላት ውስጥ ስለሚቆይ ይፈጥናል፤ ልጁ ከላይ ያገኘው ነጥብም የታችኛውን እርማት አያዛባም። ስሙ ያለበትን ጥግ አጥፎ ማረም ምንም ወጪ የለውም። ያንኑ ክፍል የሚያስተምር ሌላ መምህር ካለ፣ ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ወረቀት ለየብቻ አርማችሁ አወዳድሩ። የሚለያያችሁ የት እንደሆነ ወዲያው ይወጣል።

ከዚያ ወረቀቱ ሲመለስ መመሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ያን ጊዜ ተማሪው «ቲቸር፣ ሁለት ማርክ ጨምርልኝ» ብሎ አይመጣም፤ «ሦስተኛዋን ነጥብ ለምን አጣሁ?» ብሎ ነው የሚመጣው። ለዚህ ወረቀቱንና መመሪያውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት በቂ ነው።